ቁልቁል፦ ከእንጦጦ እስከ ነፋስ ስልክ፣ የሆቴሎቻችንና የክረምት ውሃ ቅኝት

ነሐሴ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከጀርመን አደባባይ ወደ ላፍቶ ሲወረድ በሚገኝ አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሆቴል ምድር ቤት ደረጃ ላይ ቆሜያለሁ። ለእረፍት ከውጭ የመጣችውን የአክስቴን ልጅ ያሳረፍናት እዚያ ነበርና «መብራት ጠፋ፣ ታች ውሃ ገባ» ብላ ስትደውል መኪና አስነስቼ የሄድኩት እሷን ላወጣ ነው። እሷ ልጆቿን አቅፋ ሎቢው ውስጥ በደህና ተቀምጣለች። እኔ ግን ከደረጃው ጫፍ መነሳት አቃተኝ። በእጅ ባትሪ ብርሃን የሚታየው ውሃ ጥቁር ነው። ነጭ ፎጣዎች ተንሳፍፈውበታል። የፍርኖ ዱቄት ጆንያዎች ከሥራቸው ርሰው ተቀምጠዋል። ጄኔሬተሩ ባትሪው ውሃ ውስጥ ገብቶ ድምፁ የለም። የላውንደሪው ኃላፊ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ የሰበሰበች የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት፣ ባልዲ እንደያዘች ወለሉ መሃል ያለችውን የፍሳሽ መውረጃ ቀዳዳ በጣቷ አሳየችኝ። ውሃው እዚያች ቀዳዳ ላይ እንደ ምንጭ ይፈላል።

«በበር አይደለም የገባው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ከታች ነው የመጣው። የሽንት ቤቱ መስመር ነው የመለሰብን።»

ከኋላዬ የቆሙት ሽማግሌው ጥበቃ ካፖርታቸውን እንደተከናነቡ፣ «ይሄ እኮ ቦይ ነበር» አሉ። «እኔ እዚህ ሰፈር ስመጣ ጎመን ይተከልበት ነበር። ክረምት ክረምት ውሃው በዚህ ነበር የሚያልፈው።»

የሁለቱን ቃል አንድ ላይ ሳስበው የከተማችን ሆቴሎች ታሪክ በሙሉ በዚያች ምድር ቤት ውስጥ የተጠራቀመ መሰለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ሁለት ጊዜ ቁልቁል ወርዷል። አንዴ ከኮረብታው ወደ ሜዳው ወረደ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሆዱንና ሳንባውን፣ ማለትም ኩሽናውን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ጄኔሬተሩንና የመብራት ቦርዱን ይዞ ከመሬት በታች ገባ። ውሃም ቁልቁል የሚወርድ ፍጥረት ነውና ሁለቱ መገናኘታቸው አልቀረም።

ከተማዋ ራሷ የመውረድ ልጅ ናት። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሲኖሩ ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶ እጥረቱ ቤተ መንግሥቱን አስጨንቆት ነበር። እቴጌይቱ ከተራራው ሥር ያለውን ፍልውሃ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የወረዱት ግን በዘዴ ነበር። ቤተ መንግሥቱም፣ የመኳንንቱ ሰፈሮችም የተተከሉት ከፍ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ሲሆን በሰፈርና በሰፈር መካከል ያለው ሸለቆ ለወንዙ ተትቶ ነበር። የድሮውን ከተማ አሰፋፈር ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያየው እርስ በርሱ የተራራቀና የተበታተነ ይመስላል። በዚያ ባዶ ቦታ ግን ቀበና፣ ግንፍሌና ቀጨኔ ክረምቱን ሙሉ ሳይቀየሙ ይፈሱ ነበር።

በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ ጣይቱ የምንለው የእቴጌ ሆቴልም እንዲሁ ከፍታ ላይ ነው የቆመው፤ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ተዳፋት። ጣይቱ ሆቴል ገብቶ በሰፊው የእንጨት ሰገነት ላይ ቡና የጠጣ ሰው ዝናብ ሲጥል ምን እንደሚሆን አይቷል። ጠፈጠፉ ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል፤ ግቢው ያዘቀዝቃልና ውሃው ሳይቆም ያልፋል። ወለሉ እንጨት ነው፤ እንጨት ይረጥባል፣ አየር ካገኘ ደግሞ ይደርቃል። የሕንድና የአርመን ሙያተኞች እጅ የገባበት የዚያ ዘመን አሠራር ዝናብን ከነአካቴው ለማገድ አልሞከረም። መንገድ ሰጥቶ ነው የሸኘው። ሆቴሉ ጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ክፉኛ ሲጎዳ ብዙዎቻችን ያዘንነው ለእሳቱ ነው። እንዲህ ላለ የእንጨት ቤት ግን ጣሪያው በተከፈተ ማግሥት የሚመጣው ውሃም፣ ለእሳቱ የተረጨውም ውሃ፣ ሌላ የጉዳት ምዕራፍ ነው። የእሳት አደጋ ያደረሰውን ውድመት ዘርዝረን የውሃውን እንረሳለን።

ይህ ዕውቀት ከጣይቱ ሆቴል የጀመረ አይደለም። የላሊበላ ፈልፋዮች ቤተ ክርስቲያኑን ከአለቱ ሲያወጡ ዝናቡ የሚወጣበትን ቦይም አብረው ፈልፍለዋል። ጉድጓድ ውስጥ ለቆመ ሕንፃ ውሃ የመጀመሪያው ጠላት መሆኑን ያውቁ ነበር። ያም ሆኖ ለዘመናት ውሃው አብያተ ክርስቲያናቱን ሰርስሮ ጎድቷቸው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አንዳንዶቹ ላይ ግዙፍ የብረት መጠለያ ተተክሏል። የጎንደር ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። በገጠር ቤት ሰኔ ሳይገባ ጣሪያ ይከደናል፣ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቀደዳል። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ለናፍቆት አይደለም። ዛሬ ባለ ኮከብ ሆቴሎቻችን የጎደላቸው ነገር ከውጭ ይመጣል ብለን የምንጠብቀው ስለሆነ ነው። ዋናው አሳብ እኮ ጓሯችን ውስጥ ነበር።

ሲሚንቶ የመጣው ስሙን ይዞ ነው። ሶሌታ፣ ሊሾ፣ ማላታ፣ ጄሶ፣ ዞኮሎ እያሉ የሚጠሩት ግንበኞቻችን ከጣሊያን የወረሷቸው ቃላት ናቸው። ከቃሉ ጋር አሠራሩም ገባ። ዘቅዛቃው የሣርና የቆርቆሮ ክዳን ቦታውን ለጠፍጣፋ ሶሌታ መልቀቅ ጀመረ። ጠፍጣፋ ጣሪያ ዝናቡ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚጎበኘው አገር ይበጃል። ሰማዩ ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚፈስበት ከተማ ግን በየዓመቱ የሚፈተሽ፣ አሸንዳው በየሳምንቱ ከቅጠል የሚጸዳ፣ ከአደራ ጋር የተሰጠ ጣሪያ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ሂልተን፣ በኋላም በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው ሸራተን ለአዲስ አበባ ሆቴል ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሚዛን አመጡ። ሂልተን የመዋኛ ገንዳውን በፍልውሃ ማሞቁ ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ ነገር ነው፤ እቴጌይቱን ከተራራ ያወረዳቸው ያው ውሃ ነውና። እነዚህ ሰፊ ግቢ፣ የራሳቸው መሐንዲስና የጥገና ክፍል ያላቸው ናቸው። የእኔ ጭንቀት ከእነሱ በኋላ ለመጡት ነው፤ በአምስት መቶ ካሬ ሜትር ላይ ስምንት ፎቅ ለሚቆሙት፣ የጥገና ክፍላቸው አንድ ኤሌክትሪሻንና አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ለሆነው።

ወደ ነፋስ ስልክ እንውረድ። ስሙ ራሱ ስለ አየር ነው፤ በ1920ዎቹ ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ሲተከል ሕዝቡ በነፋስ የሚነጋገር ስልክ ብሎ ሰየመው። ለሬዲዮ ምሰሶ የተመቸው ደልዳላ ሜዳ ነበር። በኋላ ፋብሪካዎች መጡበት። ቀጥሎ ቀለበት መንገዱ መካኒሳንና ጀርመን አደባባይን ከላፍቶ ጋር አያያዘ፣ ጀሞና ለቡ የኮንዶሚኒየምና የቪላ ሰፈር ሆኑ፣ ሳር ቤትና ጎፋ የእንግዳ ማረፊያ ሞላባቸው። የአፍሪካ ኅብረት ጎረቤት መሆን ትልቅ ገበያ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ጎመን የነበረበት ሆቴል ሆነ።

ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር ስናየው ግን ነፋስ ስልክ ላፍቶ የከተማዋ ታችኛው በር ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አቃቂ አካባቢ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ምድሩ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከሰሜን ምዕራብ ተራሮች የሚነሳው ትንሹ አቃቂ መካኒሳንና ላፍቶን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል፤ በመንገዱ የከተማውን ምዕራብ ውሃ ሁሉ ይሰበስባል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስድስት መቶ ካሬ ሜትር ጣሪያ ባለው ሆቴል ላይ አንድ ዶፍ አርባ ሚሊ ሜትር ቢያወርድ ሃያ አራት ሺህ ሊትር ነው፤ ባለ አሥር ሺህ ሊትሩን ሮቶ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ የሚሞላ። ይህ ከአንድ ጣሪያ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ሰፈር ሁሉ ሣሩን በአስፋልት፣ ጓሮውን በሲሚንቶ በለወጠ ቁጥር ምድር የምትጠጣው ቀርቶ የምታሳልፈው በዝቷል።

አፈሩም አለ። በደቡብ አዲስ አበባ ብዙው መሬት መረሬ ነው፣ ኮትቻ የምንለው ጥቁር አፈር። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። አፈሩ ሲያብጥ ወለሉን ያነሳል፣ ሲኮማተር ይጥለዋል። ቧንቧ ከመገጣጠሚያው የሚላቀቀው፣ የምድር ቤት ግድግዳ ጥግ ጥጉን የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። በዚያ ስንጥቅ በቀጣዩ ክረምት ውሃ ይገባል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለው ለሰው ነው፤ ለሕንፃም ይሠራል። የመጀመሪያው ዓመት የፀጉር ያህል መስመር ነው፣ ቀለም ይሸፍነዋል።

ታዲያ ለምን ወደ ምድር ቤት ወረድን? መሬት ውድ ነው። ፊት ለፊት ያለው ወለል ለሎቢና ለሬስቶራንት፣ ላይኛው ለሚከራይ ክፍል ይፈለጋል። ገንዘብ የማያስገባው ሁሉ ታች ይወርዳል። በፕላኑ ላይ «የመኪና ማቆሚያ» የተባለው ምድር ቤት ሆቴሉ ሥራ በጀመረ በዓመቱ ላውንደሪ፣ መጋዘን፣ ኩሽና፣ አንዳንድ ቦታም የሠራተኛ ማደሪያ ሆኖ ይገኛል። ለመኪና ማቆሚያ የታሰበ ወለል ላይ ውሃ ቢገባ መኪናው ይወጣል። ለሰውና ለምግብ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቁ ስህተት የመብራት ቦርዱና የጄኔሬተሩ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን ሲመታ ኤንዋይዩ ላንጎን የተባለው ታላቅ ሆስፒታል መጠባበቂያ ኃይሉ ተቋርጦ በሽተኞቹን በደረጃ ተሸክሞ አውጥቷል፤ ውሃው የሞላው ምድር ቤቱን ነበር። ለኃይል የምንተማመንበት ነገር ሁሉ ውሃ መጀመሪያ በሚደርስበት ቦታ ላይ ከተቀመጠ መጠባበቂያ መባሉ ይቀራል።

ያቺ የላውንደሪ ኃላፊ ያሳየችኝ ቀዳዳም የራሱ ምክንያት አለው። የፍሳሽ መስመር የሚዘረጋው ቁልቁለቱን ተከትሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወንዝ ዳር ነው። ለሽንት ቤትና ለማጠቢያ ተብሎ በተለካ ቱቦ ውስጥ ሰዉ የጣሪያውንና የግቢውን ዝናብ ሲያስገባበት ቱቦው ሞልቶ ይጨነቃል፤ ፕላስቲክና ደለል ሲጨመርበት ይታፈናል። ጫናው መውጫ ይፈልጋል። የሚያገኘውም ዝቅተኛውን ቀዳዳ ነው፤ ያም የምድር ቤት ወለል ላይ ያለው ነው። በሩን በአሸዋ ከረጢት የዘጋ ሆቴል ከውስጥ ሊሰጥም ይችላል። መስመሩ ከግቢ በሚወጣበት ማንሆል ውስጥ ውሃን ወደ ፊት ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ማስገባት ከአንድ ጥሩ ሶፋ ዋጋ ብዙ የማይርቅ ሥራ ነው። ሶፋው ይታያል፣ ቫልቩ አይታይም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመጠጥ ውሃው ነው። ከተማዋ ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ናትና ሆቴሉ ሁሉ ከመሬት በታች ታንከር አለው፤ ሲያልቅ በቦቴ ያስሞላል። ያ ታንከር ብዙ ጊዜ የተቆፈረው ከፍሳሹ ጉድጓድ ብዙም ሳይርቅ፣ ክዳኑም ከምድር ቤቱ ወለል እኩል ሆኖ ነው። ጥቁር ውሃ ወለሉን በሸፈነበት ሌሊት፣ ላይ ፎቅ ያለ እንግዳ ቧንቧ ከፍቶ ጥርሱን ይቦርሻል። ምንጣፉ ይቆየን፤ ከጎርፍ በኋላ መጀመሪያ የሚዘጋው የታንከሩ ፓምፕ፣ መጀመሪያ የሚታጠበውና በክሎሪን የሚታከመው ታንከሩ መሆን አለበት።

ደራሽ ውሃ ምን ማድረግ እንደሚችል ለኢትዮጵያውያን ማስተማር አያስፈልግም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ በድሬዳዋ ላይ ሲወርድ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚውል፣ ሰው የሚሻገርበት፣ ገበያ የሚቆምበት ወንዝ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ የሰባት ሰዎችን ሕይወት ወስዷል። በእንግዳ ማረፊያ ላይ የደረሰውን ለማየት ከፈለግን ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ አለች፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 መባቻ በማሳይ ማራ የታለክ ወንዝ ሞልቶ ከአሥር በላይ የቱሪስት ካምፖችን አጥለቅልቆ እንግዶች በሄሊኮፕተር ወጥተዋል። ካምፖቹ ለውበቱ ሲሉ ወንዙ ዳር ነበሩ። እኛም በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በአርባ ምንጭ ለውበቱ ሲሉ ውሃ የተጠጉ ሆቴሎች አሉን፤ ሐይቅ ደግሞ ድንበሩን የሚያሰምርለት ክረምት እንጂ የባለይዞታ ካርታ አይደለም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ ማድረቅ። ውሃ ሲገባ ጩኸት አለ፣ ባልዲ አለ፣ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ውሃው ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ግን ጸጥተኛ ነው፣ ሆቴሎቻችን የሚሸነፉትም እዚያ ላይ ነው።

ይህን ሙያ አድርገው የያዙት አገሮች መጀመሪያ የሚጠይቁት የውሃውን ዘር ነው። ከተሰበረ ንጹሕ ቧንቧ የመጣ፣ ከሻወርና ከልብስ ማጠቢያ የመጣ፣ ከፍሳሽና ከጎርፍ የመጣ ብለው በሦስት ይለዩታል። የመጀመሪያው የነካው ፍራሽ ሊደርቅ ይችላል፤ ሦስተኛው የነካው ይጣላል። ሞኬቱም፣ ትራሱም፣ የጂፕሰም ቦርዱም ይጣላል። ይህን ለባለ ሆቴል መንገር ከባድ ነው። አርባ ፍራሽ የገንዘብ ክምር ነው። ሰገነት ላይ አስጥቶ፣ አንሶላ አልብሶ መመለስ ይቀላል፤ በላዩ የሚተኛው እንግዳ ግን የአስም በሽተኛ ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሻጋታ የረጠበ ጂፕሰም ወይም ኤምዲኤፍ ላይ ለመያዝ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። በሐምሌ አዲስ አበባ ውስጥ ልብስ ገመድ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰዓት ሲሰማ ሊደነግጥ ይገባል። መስኮት ከፍቶ መጠበቅ አያዋጣም። ምክንያቱን መረዳት ለሥራው ግማሽ ነው፤ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር መሸከም የሚችለው የውሃ ተን 9 ግራም ገደማ ነው። ያው አየር 25 ዲግሪ ሲደርስ 23 ግራም ገደማ ይሸከማል። ስለዚህ የክረምቱ ቀዝቃዛ አየር ጠግቦ ነው የሚገባው፤ ካላሞቁት ከግድግዳው የሚወስደው ነገር የለም። ካሞቁት ይራባል፣ ይጠጣል። የጠጣውን ግን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማታ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ መልሶ ያላበዋል። ማሞቅ፣ ማንቀሳቀስ፣ ማስወጣት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ሁለት ፋን ያለው ሆቴል፣ አንዱን ወለሉ ላይ አንዱን መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙሮ ካስቀመጠ ብዙ መንገድ ሄዷል። ርጥበት መምጠጫ ማሽን ያገኘ ደግሞ ተባረከ፣ መስኮቱን ዘግቶ ይሥራ።

በእሳት ለማድረቅ መሞከር ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የጋዝ ምድጃ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲያነድ አንድ ኪሎ ተኩል የሚያህል ውሃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይጨምራል። ከሰል ደግሞ ገዳይ ነው። ስንት ቤተሰብ ክረምት ላይ ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ አልነቃም! የረጠበ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ የሚያድር ሠራተኛ እንዳይኖር የሆቴል ባለቤቶችን በሙሉ ልቤ እለምናለሁ።

ግድግዳችን የራሱ ምሥጢር አለው። አብዛኛው ሕንፃችን የተገነባው በብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ጎርፍ ሲገባ ውሃው በዚያ ባዶ ውስጥ ይሞላና ወለሉ ከደረቀ ከሳምንታት በኋላ እንኳ እዚያው ቆሞ ይገኛል። ከውጭ በማላታና በስቱኮ ታሽጓል፤ የት ይሂድ? በዝግታ ወደ ላይ ይወጣል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ዞኮሎው ላይ ይታያል፣ ቀለሙ እንደ አረፋ ይነፋል፣ ይላጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዞኮሎውን አንስቶ በየብሎኬቱ ግርጌ በድሪል መብሳት። ውሃው ራሱ ይወጣል።

ይህን የማናደርገው በቀን መቁጠሪያችን ምክንያት ይመስለኛል። ጎርፉ የሚመጣው በነሐሴ ነው። ዲያስፖራው ለክረምት እረፍቱ የሚገባው በዚያው ወቅት ነው። ከፊቱ እንቁጣጣሽ አለ፣ ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ መስቀል። ሎቢው በአደይ አበባ መድመቅ አለበት። ስለዚህ ጳጉሜ ላይ ቀለም ቀቢ ይጠራል። ነፋስ ስልክ የቀለም ፋብሪካ ያለበት ሰፈር ነው፣ ቀለሙ መልካም ቀለም ነው። የረጠበ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ግን እስር ቤት ይሆናል፣ ውስጥ ያለውን ውሃ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። በጳጉሜ ሦስት ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ራቁታቸውን ሲታጠቡ፣ እናቶች ለበረከት ውሃውን በእቃ ሲያጠራቅሙ፣ ከጎን ባለው ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ሮለሩ ሻጋታ ላይ ይመላለሳል። ጥቅምት ላይ ክፍሉ ይሸታል፣ ሕዳር ላይ ቀለሙ ይነፋል፣ በቀጣዩ ጳጉሜ እንደገና ይቀባል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከተማዋ ስለ ወንዞቿ ማሰብ መጀመሯ ደስ ይለኛል። በ2011 ዓ.ም. የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ሰፉ፣ የውሃ ማፋሰሻ ቱቦዎች ተቀበሩ፣ ወንዝ ዳር ተጠረገ። ቤታቸውን ለቀው የሄዱትን ነዋሪዎች ነገር በዚህ ጽሑፍ አላነሳውም፤ የራሱ ጽሑፍ የሚገባው ነው። ስለ ውሃው ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ላይ ያለውን ውሃ በሰፊ ቱቦ ባፈጠንነው ቁጥር ታች ያለው ሰፈር ፈጥኖ ይቀበለዋል። ፒያሳና አራት ኪሎ ሲደርቁ መካኒሳና ላፍቶ እንዳይረጥቡ፣ ውሃው መንገድ ላይ የሚያርፍበት፣ የሚሰርግበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ኩሬ፣ ሣር፣ ዛፍ፣ ያልተነጠፈ መሬት። የድሮ መኳንንት በሰፈራቸው መካከል ትተውት የነበረው ያ ባዶ ቦታ ማለት ነው።

መስከረም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ወደዚያ ሆቴል ተመልሼ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ ቦርሳ እዚያ ቀርቶ ነበር። ሎቢው በአደይ አበባ ተሞልቷል። የላውንደሪዋ ኃላፊ አየችኝና «ና ላሳይህ» ብላ ወደ ታች ወሰደችኝ። የመብራት ቦርዱ ከወለሉ ተነስቶ ከጭንቅላቴ በላይ ተሰቅሏል። ማጠቢያ ማሽኖቹ በብሎኬት መደብ ላይ ወጥተዋል። ግድግዳው አልተቀባም። ዞኮሎው ተነቅሎ፣ በየብሎኬቱ ግርጌ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቷል፣ ከየቀዳዳው ሥር የቲማቲም ጣሳ ተደርድሯል። ባለቤቱ ለበዓሉ ይቀባ ብለው እንደነበር፣ እሷ እንደተከራከረቻቸው ነገረችኝ። አብዛኞቹ ጣሳዎች ባዶ ናቸው። ጎንበስ ብላ በግራ በኩል ያለውን አራተኛውን አነሳችና አሳየችኝ። ግማሽ ድረስ ቡናማ ውሃ አለው፤ ከቀዳዳው ሌላ ጠብታ ቀስ ብላ እየወጣች ነው።

«ይቺ እስክታቆም ቀለም ቀቢው አይገባም» አለችና ጣሳውን ባልዲው ውስጥ ደፍታ ቦታው መለሰችው።